ሮቢት የምትባለው

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሮብ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለሰመረ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና ሩቲ ደህና ነን። ናፍቆቱን ለጊዜው ልለፈው፤ መጀመሪያ የምጠይቅህ ነገር አለኝና። በስልክ ያልጠየቅኩህ አውቄ ነው። በስልክ አንተ ትስቃለህ፣ እኔም አብሬህ እስቅና የምለውን እረሳለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

ነገሩ የጀመረኝ በፋሲካ ነው። ለበዓል መጥተህ ሳለ በረንዳው ላይ ቆመህ በስልክ ስታወራ ሰማሁህ። «ሮቢትን አላስነካም። እኔ እያለሁ ማንም አይነካትም» አልክ። እኔን ስታይ ስልኩን ዘጋህና «ሥራ ነው» አልከኝ። ሰመረ፣ አንተ የመንገድ ቀያሽ ነህ፤ ስለ ዳገትና ስለ ቱቦ ነው የምታወራው። ካገባሁህ ጀምሮ ስለ ሥራ በዚያ ድምፅ ስትናገር ሰምቼህ አላውቅም።

በነጋታው ሸሚዝህን ሳጥብ ደረቱ ላይ ያለው ቁልፍ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶ አገኘሁት። ሸሚዙ ነጭ ነው። እኔ ነጭ ሸሚዝ በሰማያዊ ክር አልሰፋም፤ አንተ ደግሞ መርፌ ይዘህ አይቼህ አላውቅም። ክሩን እንዳለ ትቼ ሸሚዙን አሰጣሁት።

ካዛንቺስ ቢሮ አጠገቤ ለምትቀመጠው ለሊዲያ ነገርኳት። ባልነግራት ይሻለኝ ነበር። «ሮቢት? የባላገር ልጅ ስም ነው። ቆንጆ ሳትሆን አትቀርም» አለችኝና ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች።

በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ ሩቲ ደወለችልህ። ስልኩን እንደዘጋች፣ «አባዬ ሮቢት ጋ ነኝ አለኝ። ከዚያ ሐሙስ ቤት ነው የማድረው ምናምን ሲል፣ በቃ፣ ኔትወርኩ ቀጥ አለ» አለችኝ። ሮቢት ጋ! ቢሆንም ሐሙስ ቤቱ ሊያድር ነው ብዬ ዶሮ ሠራሁ፤ ፀጉሬንም ተሠራሁ፣ ይህን ሩቲ አልነገረችህ ይሆናል። ሐሙስ መጥቶ ሄደ፣ አንተ የለህም። አርብ ጾም ነውና ድስቱን እንዳለ ለጎረቤት ሰጠሁት። ስሰጥም አለቀስኩ፤ ሴትየዋ ሽንኩርቱ መስሏት አጽናናችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደቻሳ ደወለልኝ። ለመንገዱ ሥራ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሾፌርህ ማለት ነው፤ የላክኸውን ድንች እንድረከብ ለገሃር ጠራኝ። ገና ማዳበሪያውን ሳያወርድ ጠየቅኩት።

«ደቻሳ፣ ሮቢትን ታውቃታለህ?»

«እንዴ እትዬ ተናኜ! እሷን የማያውቅ ሾፌር አለ እንዴ? ሁላችንም እኮ እሷ ጋ ነው የምናድረው።»

«ሁላችሁም?»

«ያን ዳገት ጨርሰን ስንደክም ማረፊያችን እሷ ናት። ድሮ ይህን ያህልም አልነበረችም፤ መብራት ከገባላት ወዲህ ነው ያማረባት።»

እግዜር ያሳይህ! «ልጆች አሏት?» አልኩት፣ ከዚያ የባሰ የምሰማው የለም ብዬ።

«ኧረ ትምህርት ቤቷም አልቻላቸው! ሁለት ቤተ ክርስቲያን አላት፣ አንድ መስጊድ አላት፣ ጤና ጣቢያ ብቻ ነው የሚቀራት።»

ይህን ጊዜ ነቃሁ። ድንቹ ላይ ቁጭ ብዬ ስስቅ ደቻሳ ያመመኝ መስሎት ውሃ ሊገዛ ሮጠ። ለካ እዚያ መንገድ ላይ ከተሞቹ የሚጠሩት በገበያ ቀናቸው ኖሯል፤ ሰኞ ገበያ፣ ሮቢት፣ ሐሙሲት። ሩቲ «ሐሙስ ቤት» ብላ የሰማችው ሐሙሲትን ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከካዛንቺስና ከቂርቆስ ያልወጣሁ ሴት ይህን ከየት ልወቀው?

ሳቄ ግን አልቆየም። ደቻሳ የማውቅ መስሎት ወሬውን ቀጠለ። «ጋሽ ሰመረ እኮ ጉድ ሰው ነው! የሚፈርሱትን ቤቶች ቀለም ቀባ ሲሉት ብሩሹን ጥሎ ሥራውን ለቀቀ። ይኸው ከሰኔ ጀምሮ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወረዳ ይመላለሳል» አለኝ። መንገዱ በከተማዋ መሀል ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ተፈልጎ፣ አንተ ከገበያው በታች ትንሽ ቢታጠፍ ቤቶቹ ይተርፋሉ ብለህ፣ እንዳልሰሙህ ነገረኝ።

ከሰኔ ጀምሮ! «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ስትለኝ የከረምከው ታዲያ የትኛውን ሥራ ነው? ጥርጣሬዬ ምኑ ላይ ተሳሳተ? ሴትዮዋ ከተማ ሆና ተገኘች እንጂ መደበቁንስ ደብቀኸኛል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከተማ መሆኗን ካወቅኩ በኋላም ቅናቱ አልወጣልኝም። አምና አንተ የተወለድክበት የካዛንቺስ ቤት ግድግዳ ሊፈርስ ቀይ ቀለም ሲቀባ አጠገቤ ቆመህ ነበር። እኔ ጮህኩ፣ ሩቲ አለቀሰች፣ ከአንተ አንድ ቃል አልወጣም። ቁም ሳጥኑን አስጭነህ እዚህ የኪራይ ቤት አስገባኸንና በሳምንቱ መንገድ ሥራ ብለህ ሄድክ። በፋሲካ በረንዳው ላይ የሰማሁትን ድምፅ እኮ ያን ቀን በራችን ላይ ቆሜ ጠብቄው ነበር። ለእኛ ቤት ያላወጣኸውን ለሮቢት አወጣኸው።

ሥራ ለቀቅክ ብዬ አልቆጣህም። ያን ብሩሽ በመጣልህ ኮርቼብሃለሁ፤ ለሊዲያም በኩራት ነግሬያታለሁ። የሚያንገበግበኝ ለእኔ አለመንገርህ ነው። በፋሲካ ሚኒባሱ በካዛንቺስ ሲያልፍ ዓይንህን ጨፍነህ እንደነበር አይቻለሁ። የምገባበት ቤት የለኝም ብለህ ነው የቀረኸው? እኔ አለሁ እኮ፣ ሰመረ።

የሰማያዊው ክር ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ከተማ ቁልፍ አትሰፋም። ሩቲ «አባዬ ራሱ ሰፍቶት ነው» ትላለች፤ ያንተ ጠበቃ ናት። ለማንኛውም ነጭ ክርና መርፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በደቻሳ ልኬልሃለሁ፤ እኔ ፊት ስትሰፋ ማየት እፈልጋለሁ።

ቅዱስ ቂርቆስ አንተንም ያቺን ከተማም ይጠብቅልኝ። ቤቶቿንም ያቁምላት።

ሚስትህ፣ አሁንም ሚስትህ፣
ተናኘወርቅ

የምጠይቅህን ጽፌ የምመጣበትን ቀን ሳልነግርህ ልዘጋው ነበር። ከቢሮ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ እዚያ ነኝ። ቀኑን ማለቴ ነው፣ ከተማዋን አይደለም። ሮቢት ጋ ጠብቀኝ።