ጥቁር ልብሴና ያ እንግሊዛዊ

ኅዳር 5 ቀን 1962፣ ጎባ

የአቦ ማኅበር፣ በአቶ መሸሻ ቤት። እንደ ልማዴ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደ ልማዳቸው ጎትተው አነሱኝ። «ኧረ በየነ! ሐዘንተኛ በር ላይ? ወደዚህ፣ ከአባ ጎን!» እንቢ እያልኩ ሄድኩ። ባለቤቴ እኅተማርያም ካረፈች ሁለት ዓመት አለፈ፤ ጥቁሬን ዛሬም ያከብሩልኛል። «እንዳንተ ያለ ባል የት ይገኛል» አለች ወይዘሮ ስመኝ።

ቤት ስገባ ልጄ ፀሐይ ታነባለች። እጮኛዋ ለታ ያዋሳት መጽሐፍ፤ አንድ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ስለ ሰው ጠባይ የተናገረው ነው። ስሙን ነገረችኝ፣ አልያዝኩትም። እየተረጎመች አሳቀችኝ። «ትሑት ሰው ከኋላ ይቀመጣል፤ ግን የሚጠራው መጥቶ እንደሆነ ዞር እያለ ያያል።»

«መሸሻን ነው! ቁርጥ እሱን!» አልኩ። እሷ አልሳቀችም...

ኅዳር 9

ዳዊት ስደግም ሐሳቤ ይበተናል። እኔም ዞር እላለሁ እንዴ?

ኅዳር 20

የለታ አባት አቶ ባዳሳ ከሲናና መጡ፣ ሽማግሌ አስከትለው። ስንዴያቸው ሳይታጨድ፣ ሥራ ፈትተው። «አካም ጂርቱ» ተባባልን። ከዚያ ጨዋታ የለም።

«ልጁ መምህር ነው፣ ከጥምቀት በኋላ ወደ አንገቱ ከተማ ይዛወራል። ጥቁር የለበሰ ቤት ሠርግ አይደግስም፣ እናውቃለን። ጠበቅን። አሁንስ?»

«ሐዘኔ አልወጣልኝም» አልኩ።

«እስከ ገና እንጠብቃለን። ከዚያ በሰላም እንለያይ።»

ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ኅዳር 27

ጥቁሬ ወይቧል። ቀለም ልገዛ መሀመድአወል ሱቅ ሄድኩ። «ጋሽ በየነ፣ ስንተኛዎ ነው? ልብሱ እኮ ልልቀቅ እያለ ነው፤ እርስዎ ነዎት የማይለቁት!» ይቀልዳል። ገዛሁና ወጣሁ። አልነከርኩትም... ነገ።

ታኅሣሥ 3

ከነፍስ አባቴ ከአባ ገብረ መድኅን ዘንድ።

«ሙት ዓመቷን ካወጣን በኋላ ማን ልበስ አለህ?»

«ፍቅሯ።»

«እሷ ጠይቃሃለች?»

መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 14

ፀሐይ ማንበብ ትታ ነበር። እኔው ለመንኳት። «ይቅርብዎት፣ አባዬ።» «አንብቢ እንጂ።» ቀና ሳትል አነበበች፦ «አንዳንዱ ሰው ሐዘኑን አይወድም፤ በሐዘኑ የሚለቁለትን ወንበር ይወዳል።»

ነደደኝ። «ምን ያውቃል ይሄ እንግሊዝ! ሚስት ቀብሯል?»

«እንጃ፣ አባዬ። እኔ ግን እናት ቀብሬያለሁ።»

ወጥቼ በከተማው ዞርኩ። የሳነቴ ተራራ ብርድ ፊቴን ገረፈኝ። ቤቴን ሁለት ጊዜ አለፍኩት።

ታኅሣሥ 15

ወንበሩ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። እንግሊዛዊው ያልደረሰበት አለ። ፀሐይ አግብታ ስትሄድ «አባዬ» የሚለኝ ማነው? ቀለሙ ሲለቅ የደነገጥኩት ለእኅተማርያም ነው? አይደለም። አቤቱ፣ በሟቿ ስም ሕያዋን አሰርኩ...

ቀለሙን ለመሀመድአወል መለስኩለት። ሳይቀልድ ተቀበለኝ።

ታኅሣሥ 21

ነጭ ለብሼ ሲናና ወረድኩ። የሴት አባት ወደ ወንዱ ቤት አይሄድም፣ ወግ አይደለም። ይሁን። አቶ ባዳሳ ከአውድማው ቀና ብለው አዩኝ፤ መንሻቸውን ጣሉት። «አንተ በየነ! ሙሽራው አንተ ነህ እንዴ?» በእብቁ እንዳሉ አቀፉኝ። ጋቢዬ አበቃለት።

ማታ ሠርጉ መቆረጡን ለፀሐይ ነገርኳት። እግሬ ላይ ወደቀች። አብረን አለቀስን፤ ለእናቷም፣ ለእኛም።

ጥር 17

ዳርኳት። ሌላ መጻፍ አልችልም።

የካቲት 5

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከጸሎት በኋላ «አሜን» የምለው ለብቻዬ ነው።

የአቦ ማኅበር፣ በስመኝ ቤት። ነጭ ለብሼ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። «ደህና ሰነበትክ፣ በየነ» አሉኝ፤ ጠላ ተቀዳልኝ፤ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ከአባ ጎን መሸሻ ተንሰራፍቷል። የሚጎትተኝ ጠፋ።

ዞር አልኩ። ደግሜ ዞር አልኩ... ሳቅ አፈነኝ፣ ጠላው በአፍንጫዬ ወጣ።

«ምነው፣ ምን አገኘህ?» አለች ስመኝ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች።

«አንድ እንግሊዛዊ ነው።»

«የምን እንግሊዛዊ? እስቲ አጫውተኝ» ብላ እዚያው በር ላይ፣ ከጎኔ ቁጭ አለች።