ሁለት መዳፍ የምታህል ሰፈር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ የሚያውቀው ግራ ትከሻሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ሆዴ ትንሽ ወጣ፣ ፀጉሬ ትንሽ ገባ ብሏል፤ ከዚህ ሌላ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። ዓይንሽ ደህና ከሆነ ይህን ራስሽ አንብቢው፣ ለማንም አታስነብቢው።

መጀመሪያ ግን የእጅ ጽሑፉን እዪልኝ። ዝም ብለሽ አትለፊው፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገሽ እዪው! የተለመነ እጅ አይደለም፣ የራሴ ነው። አሥራ አራት ወር የማታ ትምህርት ተምሬ ከሠላሳ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጣችው አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ናት፤ እሷ ደግሞ ከድሮም ግማሹን ፊደል ታውቅ ስለነበር አትቆጠርም። አስተማሪያችን «አንተ ሰውዬ፣ ከአፍህ ከሚወጣው ሩቡ እንኳ ደብተርህ ላይ ቢወጣ ሊቅ ትሆን ነበር» ይለኝ ነበር። ይኸው ወጣ።

አሁን የምሠራው የሥዕልና የፎቶ ፍሬም በሚሠራ ቤት ነው። ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ባንዴ ካስነጠሰ መስታወት ይሰበራል። እንጨት እቆርጣለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ። በዚህ ከተማ እንደኔ ማዕዘን የሚያጋጥም የለም። ባለቤቱም ያውቀዋል፤ እንዳልኮራ ብሎ ነው የማይነግረኝ።

ከኛ በላይ ፎቅ ላይ ባለው ሰፊ ክፍል ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጦርነት አለ። አትደንግጪ! የሚዋጉት ሽበት የወረራቸው ጨዋ ሰዎች ናቸው። የሚያዋጓቸው ከቀለጠ እርሳስ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣቴ አንጓ የማይበልጥ ወታደሮችን ነው፤ ጎራዴና ጋሻ የያዙ፣ ፈረስ የተቀመጡ የጥንት ዘመን ሰዎች። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ ሜዳ ይሆናል። በማስመሪያ እየለኩ ያራምዷቸዋል፣ ዳይስ እየወረወሩ ያጋድሏቸዋል። ሲጨርሱ የሞተውንም ያልሞተውንም ባንድ ሳጥን ከተው፣ ተጨባብጠው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ጦርነት ሁሉ እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት?

እኔን እዚያ ያስገቡኝ አንድ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በጨዋታው ሕግ እያንዳንዱ ጦር ከኋላው፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ የጓዝ ሰፈር ሊኖረው ይገባል፤ ድንኳኑ፣ ጋሪው፣ ስንቁ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ቁስለኛው ያለበት። ጠላት ዞሮ ያንን ሰፈር ከዘረፈው፣ ፊት ለፊት የሚዋጋው ጦር ወኔው ይከዳዋል። ጋሼ አንድ ቀን ፍሬም ሊያሠሩ መጥተው ቁርጥራጭ እንጨታችንን አዩና፣ ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ፤ በዚህ ልክ ሰፈር ሥራልኝ አሉ። «ችግር የለም ጋሼ፣ እንዲህ ያለውን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሠራሁት። ቁጥር ድሮም አውቃለሁ፣ ሜትር አነባለሁ። እሳቸው ግን ልኩን በፊደል ነበር የጻፉት።

የበር ግማሽ የሚያህል ሰፈር ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ለጦርነቱ ቦታ አልተረፈም።  እኔ ልሸነፍ? «ትልቅ ጦር ትልቅ ሰፈር ይፈልጋል» አልኳቸው። የጥርስ ሐኪሟ (እሷ የጋሼ ዋና ጠላት ናት፣ ጠረጴዛው ላይ ማለቴ ነው) ሳቋን መያዝ አቅቷት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ግን አልሳቁም። ወደ ደረጃው ወስደውኝ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ከሁለት መዳፍ አይብለጥ» እንደሚል ነገሩኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ ፋርማሲስት ነኝ። ጽሑፍዎ አልነበብ አለኝ ብትለኝ ማን ይታዘብህ ነበር?» አሉኝ። በማግስቱ የማታ ትምህርት ቤት የምዝገባ ወረቀት ይዘው መጡ። ስሜን የሞሉልኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ሰፈር ሠርቻለሁ፤ አንዱ ካንዱ አይገናኝም። ድንኳኑን ካሮጌ ሸሚዝ ቆርጬ በኮላ አደርቀዋለሁ፣ የጋሪው ጎማ የሸሚዙ ቁልፍ ነው። አጥሩን የጥርስ ሐኪሟ በሰጠችኝ የጥርስ መጎርጎሪያ አጠርኩት፤ ለጠላቷ አጥር ያቀበለች የመጀመሪያዋ የጦር አዛዥ ሳትሆን አትቀርም። መሬቱ ቀለም የተቀባ ሰጋቱራ ነው። ሌላው ሰው ሰፈር ሥራ ሲባል ሁለት ድንኳን ተክሎ ዘበኛ ያቆማል። እኔ ግን ሰው የሚኖርበት ነው የምሠራው። በአንዱ ላይ የጥፍር ያህል ሸሚዝና ሱሪ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ የሱሪው ባለቤት በርሜል ኋላ ተደብቆ እስኪደርቅ ይጠብቃል። በሌላው ፀጉር አስተካካይ አለ፤ ተስተካካዩ የራሱን የብረት ቆብ ገልብጦ ፀጉሩን ይቀበልበታል። ውሻ የጎድን አጥንት ነጥቆ ሲሮጥ፣ ምግብ አብሳዩ ጭልፋ ይዞ ሲከተለው ያየ ሰው ሁሉ ስቋል። አንዱ ላይ ደግሞ ደብዳቤ ጸሐፊ አስቀመጥኩ። አምስት ወታደር ከፊቱ ተሰልፏል፣ አምስቱም መሬት መሬት ያያሉ። ለምን አንገታቸውን ደፉ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ኮላው ሳይደርቅ ቀርቶ ነው አልኩ።

አሁን ስለ አሥረኛው ልንገርሽ። ይህን ሁሉ የዞርኩት ለሱ ነው።

አሥረኛው ላይ ቀልድ የለም። በአጥር መካከል አንድ ድንኳን ብቻ ነው፣ መጋረጃው የተገለጠ። ውስጡ አልጋ አለ፤ ብርድ ልብሱን አጥፌ እግርጌው ላይ አኖርኩት፣ ሰው አላስተኛሁበትም። ደጃፉ ላይ አንዲት ሴት ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ሻሿ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፣ አገጯን መዳፏ ላይ አስደግፋ መንገድ መንገዱን ታያለች። አንድ ነጠላ ጫማዋ ማሰሪያው ተበጥሶ ከጎኗ ወድቋል። እሷን ለመቅረጽ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ማን እንደሆነች ለማንም አልተናገርኩም።

ያለፈው ቅዳሜ ውድድር ነበር። ጋሼ አሰላለፋቸውን እያስተካከሉ፣ ለሰፈሩ ጥቂት ጠባቂ ልተውለት ይሆን ብለው አማከሩኝ። እኔ አማካሪ ስባል ልቤ አበጠ። «ጋሼ፣ ጠባቂ ለፈሪ ነው! ሁሉንም ወደ ፊት ይንዱት፣ ሰፈሩ የት ይሄዳል?» አልኳቸው። ሰሙኝ። ጦሩ ሁሉ ወደ ፊት ነጎደ፤ እሷ ብቻዋን ቀረች።

የጥርስ ሐኪሟ ስድስት ፈረሰኛ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል አዞረች። በማስመሪያ ለካች፣ ደረሰች። ዳይሱን አንስታ በመዳፏ ውስጥ አንቀጫቀጨችው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አራትና ከዚያ በላይ ከወጣ ሰፈሩ ይዘረፋል። እኔም ሕጉን አውቃለሁ፣ መጽሐፉን ራሴ አንብቤዋለሁ። ግን እትዬ፣ ዳይሱ ሳያርፍ እጄ ሄደ። ሰፈሩን ከነድንኳኑ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና ደረቴ ላይ ያዝኩት። ሁለት ፈረስ ወደቀ።

ያለተራው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የነካ ወገን ተሸናፊ ነው፤ ጋሼ በኔ ምክንያት ተሸነፉ። ሐኪሟ ደንግጣ፣ «ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ጨዋታ እኮ ነው!» አለችኝ።  «እህቴ ናት» የሚለው ነው ከአፌ የወጣው። ቀልድ መስሏቸው ሊስቁ ነበር፣ ፊቴን ሲያዩ ተዉት። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ትንሿን ሴት ትክ ብላ አየቻትና፣ ሳትቆጣ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ «እህትህ ከሆነች ታዲያ ለምን ያለ ጠባቂ ተውካት?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም። ስላልጠየቅሽኝ ነው የምመልስልሽ።

ዘጠኝ ዓመት ወደኋላ እንሂድ። ከቤት ስወጣ ሁለት ወር ብዬ ነበር የወጣሁት። አባባን ከነሕመሙ ለአንቺ ትቼ፣ ሁለት ወሩ ዓመት ሲሆን፣ በዚያ ወደ እናንተ በሚመላለሰው ሹፌር በኩል «አሁን ማንበብ ችያለሁ፣ ጻፊልኝ» ብዬ ላኩብሽ። ጉራ ነበር። አንቺ ደግሞ አመንሽኝና ጻፍሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሕንፃ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አሥር ሰው ባንድ ክፍል እያደርን ነው። ለነሱም ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብያቸው ነበር። እስቲ አንብብልን አሉኝ። ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላቸው፦ አባባ ተሽሎት ደጅ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ጀምሯል፣ ጣሪያው ተጠግኗል፣ እትዬ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች። አጨበጨቡልኝ። አንደኛው እንባው መጣ። እኔም እትዬ፣ የምልሽን እመኚኝ፣ ራሴ ያነበብኩትን ራሴ አመንኩት። ያን ሳምንት እያፏጨሁ ነው የሠራሁት።

ከዓመት በኋላ ሹፌሩን መንገድ ላይ አገኘሁትና የአባባን ማረፍ ነገረኝ። «ሰምቻለሁ» አልኩት። ድንገት የመጣ ነገር ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ደብዳቤሽን ግን አልጣልኩትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱንም ሆኜ፣ ከመሣሪያ ሳጥኔ ሥር አኖርኩት። ለሌላ ሰው እንዳላስነብበው ውሸቴ ይወጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ያነበብኩት እንዲቀየርብኝ አልፈለግሁም።

የማታ ትምህርቱን የጨረስኩ ዕለት ሁሉም ሰርተፊኬቱን ሊያሳይ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔ ሳጥኔን ከፈትኩ። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ግማሽ ሌሊት ፈጀብኝ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ጣሪያ የሚባል ነገር የለበትም። ሰላምታም ለማንም የለበትም። ሐኪሙ ለአባባ ስንት ቀን ቀረው ብሎ እንደነገረሽ አነበብኩ። የመጨረሻዋን መስመር ደግሞ አሁን ሳላይ እጽፍልሻለሁ፦ «ጠዋት ጠዋት መጣ ወይ ይለኛል፣ መንገድ ላይ ነው እለዋለሁ።»

አንቺም እንደኔ ያልሆነውን ትነግሪው ነበር። ያንቺ ግን ለሱ ነበር፣ የኔ ለራሴ።

እንግዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ ‘አንብቦት ቀረ’ ብለሽ ኖረሻል። እንደዚያ ማሰብሽ ትክክል ነው፣ እንዲያነብ የተጻፈለት ሰው አንብቦ መቅረቱ ነው የሚታሰበው። እውነቱ ግን ከዚያ ያነሰ ነው፣ የሚያሳፍርም ነው፤ አላነበብኩትም። ይህን የምጽፍልሽ እንድትምሪኝ አይደለም፤ የኔን በደል በልኩ እንድታውቂው ነው። ሁለት መዳፍ ይሁን የበር ግማሽ፣ ልኩን አንቺ ለኪው።

ጋሼን ስላስሸነፍኳቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ውድድር በየወሩ አለ» አሉኝና ሰፈሩ የኔ እንዲሆን ተዉልኝ። ሐኪሟ ደግሞ በጥጥ ጠቅልላ፣ የጥርስ ማሰሪያ በሚመጣበት ካርቶን አሸገችልኝ። ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ሹፌሩ ያደርስልሻል። ስትከፍቺው ቀስ በይ፣ አጥሩ ይወጋል።

አንድ ነገር ታያለሽ። ከዱካው ጎን፣ ነጠላ ጫማው አጠገብ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጉድጓድ አለች። ስህተት አይደለችም፤ እኔ ማዕዘን አልስትም አላልኩሽም? የእርሳስ ሰው ከእግሩ ሥር ባለች ሽቦ ነው መሬት ላይ የሚተከለው። ሰውዬውንም ሠርቼዋለሁ። ሆዱ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል፣ አፉ ተዘግቷል። አፉን መዝጋት ነው ከሁሉ የከበደኝ። ኪሴ ውስጥ ነው ያለው። ና ካልሽኝ ይዤው እመጣለሁ፣ ራስሽ ትተክዪዋለሽ። አትምጣ ካልሽም ጉድጓዷ ትንሽ ናት፤ ጠብታ ሰም ጣል ብታደርጊባት አትታይም፣ ሰፈሩ እንዳለ ያምራል።

ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽን ያበርታልሽ። ደጃፍሽ ሰላም ይሁን፣ የሚገባውም የሚወጣውም በደግ ይሁን። አባባ ባለበት ይረፍ።

መልስሽን ራስሽ ጻፊው፣ በሰው ቃል አትላኪብኝ። ሁለት ቃል ይበቃኛል፣ አንድም ይበቃኛል። ክፉም ቢሆን ጻፊው እትዬ፤ አሁን የማነበው የተጻፈውን ብቻ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ