ለኢሜይላችን ሁለተኛ ተቀባይ

የአክስቴ ልጅ፣

ስትመለሺ የለሁም። እህቴ ቤት ሄጃለሁ። አባባ ካረፉ ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። እኔ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጎረቤታቸው ደውላ ነገረችኝ።

መደርደሪያው ስር ያለችው ጥቁር ሣጥን የቤታችን ኢሜይል የሚገባባት ኮምፒውተር ናት። እኔ ለሥራ ወጥቼ በከረምኩበት ሳምንት ድምጿ አላስጠና ብሎሽ ነቅለሻት ነበር። ጎረቤታቸው እንደነገረችኝ፣ እህቴ «አባባ ስምሽን እየጠሩ ነው፣ ቶሎ ድረሺ» ብላ የጻፈችልኝ ኢሜይል ተቀባይ አጥቶ፣ በአምስተኛው ቀን ወደ እሷው ተመለሰ። ከተኮራረፍን ወዲህ አንደዋወልም። ሆን ብዬ የመለስኩባት መስሏታል።

ሣጥኗ ስትጠፋ ምን እንደሚሆን አልጠየቅሽኝም።
እኔም አልነገርኩሽም።

ሻንጣዬን ሳልይዝ በፊት ለኢሜይላችን ሁለተኛ ተቀባይ አዘጋጀሁ። የእኛ ሲጠፋ ባልደረባዬ ቤት ያለው ኮምፒውተር መልእክቱን ተቀብሎ ያቆያል፤ የእኛ ሲነሳ ያስረክባል። የእኛን አጥፍቼ ከመሥሪያ ቤት አድራሻዬ ወደዚህ ጻፍኩ፤ መልሼ ሳበራው ገባ። ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ዓመት ሙሉ «ነገ አደርገዋለሁ» ስል የከረምኩት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ድምጿ ካስቸገረሽ ንቀያት። እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ የሚጠፋ መልእክት የለም። የባልደረባዬን ስልክ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ። የኩሽናው ቧንቧ እንደገና ያንጠባጥባል፤ ባልዲውን ድፊው።

እህቴ በሩን ከከፈተችልኝ እስከ እሑድ እቆያለሁ። ካልከፈተችልኝ ነገ እመለሳለሁ፤ ያኔ ምንም አትጠይቂኝ።