ሞታለች የተባለችው እናት ቢሮዎ በገባች ዕለት

ለክቡር አቶ ሕዝቅያስ፣ የ«ሠናይ ጥላ» የልጆች ማሳደጊያ ዳይሬክተር
ሩንዳ፣ ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ግቢዎ አበባ የለመለመ፣ እንቅልፍዎም የማንም ጥያቄ የማይረብሸው እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እዚሁ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ልብስ የምሰፋው እኔ መሠረት፣ እርስዎን አምኖ የሚረዳ ምእመን ሁሉ እንዲያነበው ይህን ደብዳቤ በይፋ እጽፍልዎታለሁ። ምስጋናዬ ስለ በዛ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. በየካቲት ለሃያ ሁለቱ ሴቶች ልጆችዎ ቀሚስ እንድሰፋ ስለ ፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ባስረከብኩ በሳምንቱ የረሳሁትን ቁልፍ ልተክል ብመጣ፣ ልጆቹ የተቀዳደደ ልብስ ለብሰው፣ በባዶ እግራቸው ተሰልፈው ለውጭ አገር እንግዶች ሲዘምሩ አገኘኋቸው። የስምንት ዓመቷን ዛራን አዲሱ ቀሚሷ የት እንደ ሄደ ብጠይቃት፣ እንግዳ ሲመጣ እንደሚቆለፍበት እንደ ተራ ነገር ነገረችኝ። ድህነትን እንዲህ በፕሮግራም የሚያለብስ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

፪. ልጆቹን ስላስተማሯቸው ጥንቃቄም አመሰግናለሁ። በዚያው ቀን እንግዶቹ ሄደው ቀሚሶቹ ሲወጡ የዛራን ቀሚስ ወገቡን ላጠብበው ስለካት፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ አልሞተችም። ሞታለች በይ ተብዬ ነው» አለችኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሳላስተውል ያለፍኩትን ሁሉ ማየት ጀመርኩ፤ ዘመድ የማይጠይቃቸው፣ ስማቸው የተቀየረ፣ ማን እንደ ሆነ እንኳ ያልተመዘገበ እንግዳ በመኪና ይዟቸው የሚውል ልጆች።

፫. ስላስደረጉኝ ረጅም የእግር ጉዞም ባለውለታዎ ነኝ። ዛራ የምታውቀው እናቷ በሐበሻ ምግብ ቤት ሳህን እንደምታጥብ ብቻ ስለ ነበር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጓዳ ጓዳ ዞሬ መሃል ከተማ ውስጥ እናቷን፣ ሙሉመቤት የምትባል ስደተኛ፣ አገኘሁ። እርስዎ ራስዎ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ልጅሽን ትምህርት ቤት አስገባልሻለሁ፣ በየእሑዱ ታያታለሽ ብለው፣ ማንበብ በማትችለው እንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት አስፈርመዋታል። በየእሑዱ መጣች፤ ልጅቷ ስታይሽ ትረበሻለች እየተባለች ከበር ተመለሰች። በመጨረሻ የስደተኝነት ወረቀትሽ ይሰረዛል ብለው ሲያስፈራሯት ቀረች። ስትነግረኝ እጇ ከሳሙናው ውኃ አልወጣም ነበር።

፬. ስለ ማክሰኞው መስተንግዶዎ ምን ብዬ ላመስግን? ከአንዲት የመንግሥት የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ጋር ሦስት ሆነን ስንመጣ ሻይ አስቀረቡልን፤ ሙሉመቤትን ግን ራስዎ ያስፈረሟት፣ ያችው ከበር የምትመለሰው ሴት መሆኗን እንኳ አላወቁም። የዛራን ፋይል ገልጠው፣ እናቷ በሕመም እንደ ሞተች በተረጋጋ ድምፅ አነበቡልን።  ሙሉመቤት ተነሣች።

«የሞትኩት እኔ ነኝ» አለችዎ።

የጸሐፊ ስህተት ይሆናል አሉ። ሠራተኛዋ ልጅቷ እንድትመጣ ስትጠይቅዎ፣ ትጠራ ብለው ዘበኛውን ላኩ። ስንጠብቅ ሻዩ ቀዘቀዘ። በድንገት ከጓሮ የመኪና ሞተር ሲነሣ ሰማን። ሠራተኛዋ ሮጣ ወጥታ መኪናው ፊት ቆመች፤ እኔም ከጎኗ ቆምኩ፤ ሾፌሩ ጥሩንባውን እየነፋ ጉልበታችን ድረስ መጥቶ ቆመ። ዛራ ከኋላ ወንበር ላይ ነበረች፣ እኔ በሰፋሁት ቀሚስ።

እናቷ በሩን ከፈተች። ልጅቷ አላለቀሰችም። መጀመሪያ እርስዎን አየች፣ ቀጥላ እናቷን።

«እማዬ ልበልሽ? ይፈቀዳል?» ብላ ጠየቀች።

ሙሉመቤት አቀፈቻት።

ዛራ ዛሬ ከእናቷ ጋር ናት፤ እርስዎም ምርመራ ላይ ነዎት ተብሏል፣ ቢሮዎ ግን ክፍት ነው። ሃያ አንዱ ልጆችም ግቢዎ ውስጥ ናቸው። ስንቶቹ እናቶች በወረቀትዎ ላይ እንደ ሞቱ ስለማላውቅ፣ ይህን የሚያነብ ሰው ስጦታ ይዞ ከመሄዱ በፊት ወላጆቻቸው የት እንዳሉ፣ ማን እንዳመጣቸው፣ ከማን ጋር እንደሚወጡ እንዲጠይቅ እለምናለሁ።

ለሕያዋን መርዶ ለሚጽፈው ብዕርዎ ተገቢውን አክብሮት እየገለጽኩ፣ በትሕትና እሰናበታለሁ።

መሠረት ይድነቃቸው
ልብስ ሰፊ፣ ሳውዝ ሲ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዓርብ ሌሎች እንግዶች እንደሚጠብቁ ሰምቻለሁ። እንዳይደክሙ ብለን ይህን ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመነዋል፤ እኔና ሙሉመቤት በርዎ ላይ ቆመን ለእንግዶችዎ እናድልልዎታለን።