ጮክ ብዬ ያነበብኳት ድምፅ

ልጄ፣ ሆዴ፣ በሄድሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ፤ ያገር ሰው ይውደድሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትሽም ጣሪያውን ጠገንኩ ብሎ ሲኮራ ሰነበተ፤ አሁንም ያፈሳል።

ዘንድሮም እንደ ወትሮው በትምህርት ቤቱ የምርጫ ድምፅ ቆጣሪ ነበርኩ። መቼም ታውቂያለሽ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀቷን ከፍ አድርጌ ስሙን ጮክ ብዬ ሳነብ፣ በመስኮት የሚያየው ሰው አብሮኝ ይቆጥር ነበር። አሁን ግን ጊዜ ለመቆጠብ በዝምታ ቁጠሩ ተባልን። መስኮቱም በጋዜጣ ተሸፈነ። እኔን ጨምሮ ትንፍሽ ያለ የለም።

ሦስተኛዋን ወረቀት ግን እጄ ለምዶበት አነሳሁና አነበብኳት። የተቃዋሚው ስም ነበር። አብሮኝ የሚቆጥረው የሒሳብ መምህር አንገቱን ደፍቶ፣ "ምነው እትዬ፣ ምን ነካዎት?" አለኝ። የምርጫ ጣቢያው አስተባባሪ አልተቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ስሜን ጻፈ።

በማግስቱ ሬዲዮው ያ ተቃዋሚ በእኛ ጣቢያ አንድም ድምፅ አላገኘም አለ። ታዲያ እኔ ያነበብኳት የማን ነበረች?

ነገ ጠዋት ቢሮ ጠርተውኛል። አባትሽ፣ "ዓይኔ ደክሞ ተሳስቼ ነው በያቸው" እያለ ይለምነኛል። ዓይኔ ምንም አልሆነም፣ ልጄ። ያየሁትን አየሁ እላለሁ።

ለጊዜው እንዳትመጪ። ልብስሽን ደረብ አድርጊ፣ ምሳሽን አትዝለዪ፤ ፈጣሪ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ይህን ደብዳቤ በልብሽ አታንብቢው። መስኮትሽን ክፈቺና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።

እናትሽ