ከጽዱ ሥር ያለው ድንጋይ

መጋቢት 4

ጠዋቱን ሙሉ የፓስፖርት ፎቶ። "አገጭ ቀና… ጆሮ ይታይ… አይሳቁ።" አንድ ሽማግሌ "ምን የሚያስቅ አለና!" ሲሉኝ እኔው ሳቅሁ። በቀን ስንቴ "አይሳቁ" እንደምል እግዜር ይወቀው።

ከሰዓት ሱቁን ለባለቤቱ ለጋሼ ትቼ ካሜራዬን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ። አሮጌው መቃብር። ያዘነበሉ፣ ሽበት ያወጡ ድንጋዮች። እንሽላሊት አንዱ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ሁሉም ሟች "ደግና ለጋስ" ነው። ክፉዎቹን የት ይሆን የሚቀብሯቸው?

ለምን እንደምወደው ይጠይቁኛል። ሱቅ ውስጥ ሰው ሁሉ ይቸኩላል፣ እዚህ የሚቸኩል የለም። አንድ ሰው ስለ አንድ ሰው ሦስት አራት ቃል መርጦ አስቀርጿል። ያን ቃል የሚያነበው ሲጠፋ ያንገበግበኛል። በቃ ይኸው ነው።

እማዬ ማታ ጠበቀችኝ። "የሰው ልጅ ሙሽራ ታነሳለች፣ የኔዋ ሬሳ!"

"ድንጋይ ነው እማዬ።"

"ሰው ምን ይላል?"

አባዬን እዚያው ግቢ፣ በአዲሱ በኩል ነው የቀበርነው። ከዚያን ቀን ወዲህ እግሯ አልረገጠውም።

መጋቢት 12

የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ በር ላይ ያዘኝ። ቁልፍ ሲያንቃጭል ስለሚውል ሁሉም ቁልፌ ይለዋል። "ሰማሽ እህቴ?" የወደቀው አጥር ሊሠራ ነው። አዲሱ አጥር በአሮጌው መቃብር ላይ ያልፋል። ድንጋዮቹ ለመሠረት ይገባሉ!

በቀጥታ አስተዳዳሪው ቢሮ። ሻያቸውን እያማሰሉ፣ "ዘመድ የመጣለት ካለ አጥሩን እናጥፍለታለን። ባለቤት የሌለው ድንጋይ ግን… ድንጋይ ነው" አሉኝ።

"እስከ መቼ?"

"ግንቦት ሲያልቅ ቁፋሮ ይጀመራል።"

ደሜ ፈላ። ድንጋይ ነው? እናያለን።

መጋቢት 19

በአጥሩ መስመር ላይ ያለው አንድ ረድፍ ነው። የሁሉም ስም ይነበባል፣ ዘመድ አይጠፋም። ከጽዱ ዛፍ ሥር ያለው ብቻ ደብዝዟል። ሌሎቹን አንስቼ እሱን ለዛሬ ትቼው ነበር… ስደርስ ቁልፌ ተንበርክኮ በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈገው! "ፎቶው እንዲያምርልሽ ብዬ" አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። ድንጋዩ በቀላሉ ይፈረፈራል፤ እግሩ ሥር ነጭ ዱቄት ተከምሯል።

"ስሙን እኮ ነው ያራገፍከው!"

ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። "ላግዝሽ ብዬ እኮ…"

ልጮህበት ነበር። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው።

መጋቢት 20

ስም የሌለው ሰው ዘመዱ እንዴት ይፈለጋል?

መጋቢት 26

እንቅልፍ ሳጣ የመጣልኝ ሐሳብ ነው። የደበዘዘ ጽሑፍ ፀሐይ ከላይ ስትመታው ይጠፋል፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣበት ግን ስንጥቁ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ጽዱ ደግሞ የጎኑን ብርሃን ይጋርዳል። ስለዚህ ደንበኞች ፀጉር የሚያበጥሩበትን መስታወት ከሱቅ ተሸክሜ ሄድኩ።

ቁልፌ መስታወቱን ያዘ። "ወደ ግራ… ዝቅ… ተው አትንቀጥቀጥ!" ብርሃኑ በድንጋዩ ላይ ተንሸራተተ። ስሙ የለም፣ ጭራሽ። ከታች ግን ብሩሹ ያልደረሰበት አንድ መስመር ብቅ አለ።

ቦታ ያዝልኝ።

"ምን ይላል?" አለ ቁልፌ። አነበብኩለት። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ሚስት ናት" አለ።

"በምን አወቅህ?"

"ሞቶ እንኳ ሥራ የምታዘው ሌላ ማን አለች?"

ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም አጠገቡ ያለውን ባዶ መሬት አየን። ሣር ብቻ። አልመጣችም ማለት ነው። ትኖር ይሆን?

ሚያዝያ 3

ፎቶውን አሳድጌ የሱቁ መስኮት ላይ ሰቀልኩት፣ በሙሽራዋና በተመራቂው መሀል። ከሥሩ "ይህን ያስጻፈችውን የሚያውቅ ይንገረን" ብዬ።

ጋሼ አበደ። "ሙሽራ አጠገብ መቃብር? ደንበኛ ልታባርሪ ነው?" አወረደው። ምሳ ሲወጣ መለስኩት። አወረደው። መለስኩት። ማምሻውን "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ብሎ ወደ ጥግ ገፋው… ግን አላወረደውም።

ሚያዝያ 17

በየስሙ ያፈላለግኳቸው የሌሎቹ ድንጋዮች ዘመዶች አንድ በአንድ መጡ። የጽዱ ሥሩን የሚያውቅ የለም። ሰው መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ያነባል፣ ይስቃል። አንዳንዱ ሳይስቅ ይሄዳል።

ሚያዝያ 24

እማዬ የመስኮቱን ወሬ ሰማች። "በቤት ይብቃሽ ስልሽ አደባባይ አወጣሽው!" ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አኮረፈች።

የምታኮርፈው ግን እኔን ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ታወራለች። ለጎረቤት፣ ለመድኃኒት ሻጩ፣ የደም ግፊቷን ለምትለካው ነርስ… "ልጄ 'ቦታ ያዝልኝ' የሚል ድንጋይ አቅፋ ልታረጅ ነው፣ ግፊቴም ከሷ ነው!" እያለች። ክሊኒኩ ውስጥ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ጉዴን ያውቃል። በሰላምታዬ ላይ የሐዘን ፊት የሚያሳዩኝ በዝተዋል።

ግንቦት 6

ችካል ተክለው ሲባጎ ወጥረዋል። ሲባጎው ዘመድ የመጣላቸውን ዞሮ ልክ በጽዱ ሥሩ ድንጋይ አናት ያልፋል።

አስተዳዳሪው ዛሬ ለስላሳ ነበሩ። "የሌሎቹን አገኘሽ። አንዱ ቢቀርስ ልጄ?"

"አንዱ አይቀርም።"

ከአፌ እንዲሁ ወጣ። ምኔ ነው? መልኩን አላውቅ፣ ስሙን አላውቅ። ግን ቦታ ያዝልኝ ተብሏል፣ ይዟል። ይህን ሁሉ ዘመን አደራውን ጠብቆ አሁን የአጥር መሠረት ይሁን? አልፈቅድም።

ግንቦት 14



ረፋድ ላይ ጠረጴዛ ተደግፌ ፎቶ ስቆርጥ በሩ ተከፈተ። እማዬ! ሱቁን ረግጣ የማታውቅ ሴት። ክንዷን የያዙ አንዲት ባልቴት አብረዋት አሉ፤ ቀጭን፣ ወፍራም መነጽር ያደረጉ። "እኚህን እናት ክሊኒክ ነው ያገኘኋቸው። ያንቺን ጉድ ሳወራ ማልቀስ ጀመሩ" አለች እማዬ። ወደኔ አታይም።

ፎቶውን ከመስኮቱ አውርጄ ሰጠኋቸው። ዓይናቸው አልያዘላቸውም። በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወረቀቱን።

"'ቦታ ያዝልኝ' ይላል እማማ።"

"እኔ ነኝ ያልኩት። ጠራቢው እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም አለኝ። ጻፍ አልኩት።"

ከቀበሩት በኋላ ልጃቸው ሩቅ ወስዷቸው ኖረዋል። ተመልሰው ሲፈልጉ ፊደሉ ደብዝዞ፣ ጽዱ አድጎ፣ ቦታው ጠፋባቸው። "ተነሥቷል" አሏቸው። አመኑ።

"ይዞልኛል?" አሉኝ።

ጋሼ ከኋላዬ ቀድሞኝ "ይዞልዎታል እማማ" አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ፣ የጋሼ!

ግንቦት 15

ከእማዬ ጋር ባልቴቷን ይዘን ድንጋዩ ጋ ስንደርስ አስተዳዳሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስም የለበትም። የሳቸው መሆኑን በምን አውቃለሁ? መስኮት ላይ የተሰቀለን ቃል ማንም አንብቦ ይመጣል።" እውነታቸውን ነው፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ባልቴቷ አልተቆጡም። "ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ከጽሑፉ ሥር መቀስ አስቀርጬለታለሁ፣ አፉ የተከፈተ" አሉ።

መቀስ? መቶ ጊዜ አንስቼዋለሁ፣ መቀስ የለም። 

ቁልፌ ግን ተንበረከከ። ድንጋዩ ሰጥሟል እኮ! ሥሩን በእጁ መጫር ጀመረ። አካፋ ስሰጠው "እንቢ፣ ብረት አላስነካውም" አለኝ። አፈሩን በመዳፉ ጠረገ፣ እፍ አለበት… መቀስ። አፉ የተከፈተ። ትናንት የተቀረጸ ይመስላል።

አስተዳዳሪው ጎንበስ ብለው አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ሄደው ችካሉን በገዛ እጃቸው ነቀሉ።

ስንወጣ እማዬ ወደ ኋላ ቀረች። "አባትሽ… በየት በኩል ነበር?" እጇን ያዝኳት። በአዲሱ በኩል ሄድን። 

ሰኔ 2

መሠረቱ ተቆፈረ። ሌሎቹን ዞሮ ይመጣና ጽዱ ጋ ሲደርስ እንደገና ይታጠፋል፣ ሁለት ሰው በሚያስተኛ ስፋት፣ ከዚያ ወደ መስመሩ ይመለሳል። ግንበኛው "ይሄን ጎባጣ ያወጣው ማን ነው?" እያለ ይነጫነጫል። ቁልፌ "እኛ ነን" አለው፣ ደረቱን ነፍቶ።

እማዬ ክሊኒክ ወሬዋን አላቆመችም። አሁን ግን "ባልቴቷን ያገኘቻቸው ልጄ ናት" ነው የምትለው። በሐሜቷ እንደተገኙ አንስቼባት "ዝም በይ" አለችኝ። ለመጪው ዓርብ አብራኝ ልትመጣ ነው፤ የአባዬን ድንጋይ አንሺልኝ ብላለች።

ባልቴቷ ፎቶ እፈልጋለሁ ብለው ዛሬ መጡ። ሱቅ ሳይሆን እዚያው፣ ድንጋዩ አጠገብ። ባዶው ሣር ላይ ቁጭ አሉ። ግራ ቀኝ በመዳፋቸው ለኩት።

"ይበቃኛል። ድሮም አልጋ ላይ ጥግ ጥጉን ነበር የሚተኛው።"

ካሜራውን አነሳሁ። አፌ ልማዱን ሊል ሲል ያዝኩት።

"ይሳቁ እማማ።"

ቀድመውኝ ስቀው ነበር።