ፓርኪንግና ቤዝቦል ያለበት የሕይወት ታሪክ

አባዬ፣

ሀበሻ ቤዝቦል ምን ያደርግለታል? የማይጠይቅህ ሰው አልነበረም። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ሁለት ሳምንት ቀረው፤ አሁን ደግሞ እኔን ይጠይቁኛል።

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። እማዬ ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞረችው። እኔ በግንቦት ተመረቅሁ፤ ለሥራ ያላመለከትኩበት የለም፣ እግሬ አላርፍ ብሏል።

ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። ቀብርህ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክህ እስካሁን ያንገበግበኛል። «አዲስ አበባ ስመ ጥር የሒሳብ መምህር ነበሩ፣ ከዚያ አሜሪካ መጡ፣ ከዚያ ዐረፉ።» አለቀ! እዚሁ አሌክሳንድሪያ ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና እያቆምክ የሠራህበት አሥራ ስድስት ዓመት የት ገባ? ለሙት ዓመትህ እንደገና ጻፍኩትና ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ለጋሽ ፍቃዱ ሰጠኋቸው። ሁለት አንቀጽ ሰርዘው መለሱልኝ። «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን ልታዋርጂው ነው? ፓርኪንጉ ይቅር። ቤዝቦሉማ ጭራሽ!»

እሳቸው ያንን የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ አላነበቡትም፤ ከላይብረሪ ሽያጭ ገዝተህ፣ መዝገበ ቃላት አጠገብህ አድርገህ እንግሊዝኛ የተማርክበትን። ተጫዋቹ የድሮ አውትፊልደር ነው፤ ጓንት ባልነበረበት ዘመን ሜዳው ጥግ ቆሞ፣ ሩቅ የተመታችውን ኳስ በባዶ እጁ ይቀልብ ነበር። ጣቶቹ ተሰብረው ተጣመሙ። ገና መሮጥ ሲጀምር ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሣል። አንተ ግን የምትወድለት ዝናውን አልነበረም። ሲያረጅ ትልቁ ቡድን አሰናበተው፤ ትንሽ ከተማ ወርዶ ተጫወተ፣ ከዚያም ከእሷ ወደምታንስ። ፀጉሩ ሸብቶም ይሮጥ ነበር። እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ፣ የፓርኪንግ ዩኒፎርምህን እንደለበስክ፣ «አየሽ? ሰውዬው አላፈረም!» ትለኝ ነበር።

አንተ ያላፈርክበትን እኔ ላፍርበት? አንድ ቃል አልሰርዝም! እማዬ መጀመሪያ «ተይ፣ ከሰው አታጣይኝ» ብላኝ ነበር። ትናንት ግን የተሰረዘውን ጮክ ብዬ እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሰምታ ስታበቃ «እንዳለ ይነበብ» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከከለከሉኝ ከጸሎቱ በኋላ ደጅ ቆሜ አነበዋለሁ።

አልረሳህም አባዬ። ቆራርጬም አላስታውስህም።

ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ አባቴ አሌክሳንድሪያ መኪናችሁን ሲያቆምላችሁ ስለዚያ ተጫዋች አውርቷችሁ ከሆነ ጻፉልኝ፤ ከቻላችሁም ለሙት ዓመቱ መጥታችሁ ከጎኔ ቆማችሁ ተናገሩ። ለእኔ ሳይነግረኝ የሄደው ይኖራል።